የፈተና ቍጥርና የትምህርት ቤት ሚዛን፤ ከተክለ ሃይማኖት ሰፈር የታየ

የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በየዓመቱ ሲገለጽ ሁለት ቍጥሮች በሰው አፍ ይዘወተራሉ። አንደኛው ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያገኙ ተማሪዎች ብዛት ነው፤ ሁለተኛው አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ብዛት ነው። በዚህች ጽሑፍ ልንተች ያሰብነው ሁለተኛውን ቍጥር፥ ይልቁንም ሰው ከእርሱ የሚያወጣውን ፍርድ ነው። ቍጥሩ ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን ያልተጠየቀውን ጥያቄ እንደ መለሰ ተደርጎ ስለሚወሰድ፥ እውነተኛው ቍጥር የተሳሳተ ፍርድ ሲወልድ እናያለን።

አስቀድመን ለነገሩ የሚገባውን ክብር እንስጠው። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ከቀኑ በፊት ወጥቶ መሰረዙንና እንደ ገና መሰጠቱን ታላላቆቻችን አይረሱትም። ከዚያም ወዲህ መልስ መቀባበል እንደ ነውር መቈጠሩ እየቀረ ሄዶ ነበር። ስለዚህ ትምህርት ሚኒስቴር በፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ሚኒስትርነት የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞችን በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሰብስቦ መፈተን ሲጀምር የሠራው ሥራ የሚመሰገን ነው። ውጤቱም በጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጽ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909፥ ማለት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነው ተገኙ። በ2015 ዓ.ም. ፈተና 3.2 ከመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 ወይም 5.4 ከመቶ፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ አለፉ። በ2015ቱ ፈተና ተማሪ ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ይህ የመጨረሻው ነው እስከ ዛሬ በየቤቱና በየካፌው የሚወራው፤ ሰዉም «ዜሮ ያመጡ ትምህርት ቤቶች» ብሎ ስም አወጣላቸው።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ዜሮ ያመጣው ማን ነው? ለምሳሌ ያህል አንድ ትምህርት ቤት በዘጠነኛ ክፍል የሚቀበላቸው ልጆች እውቀት ከመቶ ሠላሳ ነበረ እንበል። መምህራኑ አራት ዓመት ደክመው ልጆቹን አርባ አምስት ላይ አደረሷቸው። ሌላው ትምህርት ቤት ግን በመግቢያ ፈተና አበጥሮ ሰባ አምስት ያላቸውን ብቻ ተቀበለና ስድሳ ላይ አድርሶ ሸኛቸው። በመግለጫው ላይ ፊተኛው አንድም ያላሳለፈ፥ ኋለኛው ሁሉንም ያሳለፈ ተብሎ ይጻፋል። ፊተኛው አሥራ አምስት ጨምሯል፤ ኋለኛው አሥራ አምስት ቀንሷል። ምሳሌያችን የተጋነነ መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን የመለኪያው ጕድለት የሚታየው ሲጋነን ነው። ነጋዴ እንኳ ትርፉን የሚያሰላው የሸጠበትን ብቻ አይቶ አይደለም፤ የገዛበትን ይቀንሳል።

ይህን አሳብ በጠረጴዛ ላይ ብቻ እንዳንጽፈው ብለን ወደ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ወረድን። ሰፈሩን የመረጥነው ተማሪው ከየት እንደ ሚመጣ በግልጽ የሚታይበት ስለ ሆነ ነው። በአንድ ወገን ከተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያንና ከአደባባዩ ጋር ይዋሰናል፤ በሌላው ወገን ወደ መርካቶ ተራዎች ይገባል፤ ጎማ ተራ፥ ሸራ ተራ፥ ምናለሽ ተራ፥ በርበሬ በረንዳ፥ ሰባተኛ፥ እያለ እስከ አውቶቡስ ተራ ይዘልቃል። ገበያው ራሱ እዚህ የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወራሪው የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ሲያዛውረው አዲስ ከተማ የሚለው ስም በዚያው ጸና። ኋላም በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቍጥር 47 ምክንያት ከገበያው ጀርባ ያሉት ብዙዎቹ ቤቶች የቀበሌ ሆኑ። ኪራያቸው ትንሽ ነው፤ ስፋታቸውም እንደ ኪራያቸው ነው። አንዱ ክፍል በቆጥ ለሁለት ይከፈላል፤ ከቆጡ በላይ ልጆች ይተኛሉ፥ ከቆጡ በታች እናት እንጀራ ትጋግራለች ወይም ደባል ይኖራል። በዚህ ቤት ውስጥ የጥናት ጠረጴዛ መፈለግ ቀልድ ነው። በፈተና ሰሞን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከዛፍ ሥርና ከድንጋይ አጥር አጠገብ ደብተር ዘርግተው የሚታዩት ልጆች ስለ መንፈሳዊነታቸው ብቻ የመጡ እንዳይመስለን፤ ጸጥታና ወለል ፍለጋም ነው።

ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቱ ደጃፍ የሚደርሰው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ፥ የማይደርሰውን መቍጠር ይቀላል። አቅም ያለው የመርካቶ ነጋዴ ልጁን ገና ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ለግል ትምህርት ቤት ይሰጣል። ከቀሩት መካከል በጣም ብርቱ የሆነውን ልጅ አዳሪ ትምህርት ቤት ወይም ልዩ ትምህርት ቤት በፈተና መርጦ ይወስደዋል። ሌላውን የሚሲዮን ትምህርት ቤት ይወስደዋል። እዚህ ላይ ስለ ራሳችን መናገር ግድ ነው። እኛ ሁለተኛ ደረጃን የጨረስነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ ከመግባታችንም በፊት ተፈትነናል፥ ወላጆቻችንም ቀርበው ተጠይቀዋል። ውጤታችን በጥሩ ሲነገር «ትምህርት ቤቱ ጐበዝ ነው» ይባል ነበር፤ እኛም እናምን ነበር። በበሩ ላይ ተፈትነው የተመለሱት ልጆች የት እንደ ገቡ የጠየቀ አልነበረም። ዛሬ ስናስበው፥ ከተመለሱት ብዙዎቹ የገቡት እኛ ስናልፍ «ደካማ» ስንለው በነበረው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። የእኛ ትምህርት ቤት ክብርና የዚያኛው ውርደት የተሠሩት በአንድ ቀን፥ በአንድ በር ላይ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ወንፊት በኋላ የሚቀረው ተማሪ አንድ ዓይነት አይደለም። የቀበሌ ቤት ተከራይ ልጅ አለ፤ ከጕራጌ፥ ከስልጤ ወይም ከሌላ አገር መጥቶ በአጎቱ ሱቅ እየሠራ የሚማር አለ፤ በሰው ቤት ሠርታ ማታ የምትማር ልጅ አለች፤ ቤታቸው ለልማት ፈርሶ ወላጆቹ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ወደ ኮንዶሚኒየም የተዛወሩበት፥ እርሱ ግን የለመደውን ትምህርት ቤት ላለመልቀቅ ከጀሞ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ የሚሳፈር አለ። አንዳንዱ ደግሞ በዓመቱ አጋማሽ መልቀቂያ ይዞ ይመጣል ወይም ይሄዳል። የመግለጫው ቍጥር እነዚህን ሁሉ ባንድ መስመር ጠቅልሎ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይላቸዋል።

በጣም የሚከብደው ግን የቋንቋው ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ እንቈይ። ብሔራዊው ፈተና የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ በታችኞቹ ክፍሎች ሒሳቡንና ሳይንሱን በአማርኛ ተምሮ በሁለተኛ ደረጃ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። የግል ትምህርት ቤት ልጅ ግን እንግሊዝኛውን ከፊደል ጋር አብሮ ለምዶታል፤ ወላጆቹ ወርኀዊ ክፍያውን የሚከፍሉት በአብዛኛው ስለዚሁ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ለፊዚክስ ፈተና ሲቀመጡ አንዱ የሚፈተነው ፊዚክስ ነው፤ ሌላው የሚፈተነው ፊዚክስና እንግሊዝኛ ነው። በተክለ ሃይማኖት ደግሞ ለብዙዎቹ አማርኛም ራሱ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ከእናቱ ጋር በጕራግኛ ወይም በስልጥኛ ይነጋገራል፥ ከደንበኛ ጋር በአማርኛና በኦሮምኛ ይከራከራል፥ ፈተናውን በአራተኛው ቋንቋ ይጽፋል። በሌላ አገር ቢሆን የአራት ቋንቋ ባለቤት ተብሎ ይደነቅ ነበር።

በዚህ ነገር ላይ በብራዚል የተደረገ አንድ ጥናት አለ። ቴሬዚኛ ካራኸር፥ ዴቪድ ካራኸርና አናሉሲያ ሽሊማን የተባሉ ተመራማሪዎች በሬሲፌ ከተማ በገበያና በመንገድ ላይ የሚነግዱ አምስት ልጆችን መርምረው በ1985 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ልጆቹ ዕድሜያቸው ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አምስት ነበረ። ተመራማሪዎቹ እንደ ገዢ ሆነው ዋጋ ሲጠይቋቸው ከመቶ 98 ያህሉን በትክክል መለሱ። ያንኑ ስሌት በታሪክ መልክ ተጽፎ ሲያገኙት ወደ 74 ወረዱ፤ በባዶ ቍጥር፥ እንደ ትምህርት ቤት አሠራር ሲቀርብላቸው ደግሞ ወደ 37 ወረዱ። ልጆቹ እነዚያው ናቸው፤ ስሌቱም ያው ነው። አምስት ልጅ ጥቂት ነው የሚል ሰው አይጠፋም፥ ልክም ነው፤ ነገር ግን ጎማ ተራ አንድ ከሰዓት በኋላ የቆመ ሰው ነገሩን ለማመን ሌላ ሥልሳ ልጅ አያስፈልገውም። ከመቶ 37 ብቻ የሚያይ መዝጋቢ ስለነዚህ ልጆች የሚጽፈው ምን ይሆን ነበር?

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው «እንግዲህ ጥፋቱ የድህነት እንጂ የትምህርት ቤቱ አይደለም ልትሉን ነው» ብሎ ይጠረጥረን ይሆናል። አይደለም። እንዲያውም ትችታችን በዚህ ወገን ይብሳል። ሰው ሁለት ዓይነት ስንፍና አለው። አንዱ ትምህርት ቤቱን ያለ ተማሪው መፍረድ ነው፤ እርሱን ነቅፈናል። ሁለተኛው ተማሪውን በትውልድ ሰፈሩ ፈርዶ ትምህርት ቤቱን ነፃ ማውጣት ነው። «የመርካቶ ልጅ ብር ነው የሚያየው፥ ትምህርት አይሆንለትም» የሚለውን ቃል ከሱቅ በረንዳ ሰምተነዋል፤ ያሳዘነን ግን ከማስተማር ሥራ ላይ ካሉ ሰዎችም መስማታችን ነው። ይህ አነጋገር እንደ ርኅራኄ ይመስላል፤ ግን ለሰነፍ መምህር ከሁሉ የተመቸ ትራስ ነው። ልጁ ከመጀመሪያው የማይሆን ከሆነ ደብተሩን ማረም ለምን ያስፈልጋል?

በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ ይህ ክርክር የቆየ ነው። በአሜሪካ ጄምስ ኮልማን የተባሉት የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ባልደረቦቻቸውን ይዘው ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ተማሪዎችን መርምረው በ1966 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት፥ ለተማሪ ውጤት መለያየት ከትምህርት ቤቱ ንብረት ይልቅ የቤተሰቡ ሁኔታ ይበልጥ ምክንያት መሆኑን አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ይህን እንደ ሕግ ይጠቅሰዋል፤ በእኛም አገር ሳያነበው የሚደግመው አለ። ነገር ግን ስቲቨን ሄይነማንና ዊሊያም ሎክስሊ በ1983 እ.ኤ.አ. የ29 አገሮችን ማስረጃ አወዳድረው ሌላ ነገር አገኙ። አገሩ እየደኸየ በሄደ መጠን የትምህርት ቤቱና የመምህሩ ደኅንነት በውጤት ላይ ያለው ኃይል እየበዛ ይሄዳል። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። ቤቱ መጽሐፍ የሌለው ልጅ መጽሐፍ የሚያገኘው ከትምህርት ቤት ብቻ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ካልሰጠው ሌላ የሚሰጠው የለም። ለሀብታሙ ልጅ መጥፎ መምህር ቢደርሰው ማታ አስጠኚ ይቀጠርለታል። ስለዚህ የተክለ ሃይማኖት ልጅ ድሀ መሆኑ ትምህርት ቤቱን ከኃላፊነት አያወጣውም፤ ኃላፊነቱን ያከብድበታል። በቍጥሩ ላይ የምናነሣው ክስ ትምህርት ቤቱን በመክሰሱ አይደለም፤ የሚገባውንና የማይገባውን ለይቶ መክሰስ ባለመቻሉ ነው።

የተማሪው ማንነትና የውጤቱ ነገር በአገራችን አዲስ ክርክር እንዳይመስለን አንድ ታሪክ እንጥቀስ። በ1964 ዓ.ም. የተጠናው የትምህርት ዘርፍ ግምገማ፥ ለሕዝቡ ሁሉ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይዳረስ፥ ከዚያ በላይ የሚያልፉት ግን የተወሰኑ ይሁኑ የሚል አሳብ ነበረበት። በወረቀት ላይ ሲታይ ስለ ገጠሩ ልጅ የተጨነቀ አሳብ ነው። ወላጁ ግን ያነበበው በሌላ ዓይን ነው፤ የማን ልጅ በአራተኛ ክፍል ይቆማል? የማን ልጅ ይቀጥላል? በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ካነሡት ጥያቄ አንዱ ይኸው ነበረ፤ ግምገማውም በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ያን ጊዜ ወንፊቱ በሰነድ ተጽፎ ስለ ቀረበ ሕዝቡ አይቶ ተቃወመው። ዛሬ ያለው ወንፊት በየትኛውም ሰነድ ላይ አልተጻፈም። በክፍያ፥ በመግቢያ ፈተና፥ በቋንቋ፥ በመኖሪያ ቤት ተበታትኖ ስለ ተቀመጠ የሚቃወመው ሰው ምኑን ይዞ ይቃወማል?

ሃምሳ ከመቶ የሚለው ወሰንም የራሱ ጥያቄ አለው፤ በዚህ ላይ ብዙ አንሄድም። ከሃምሳ በታች ካገኙት መካከል የተወሰኑት በዩኒቨርሲቲዎች የማካካሻ ትምህርት እንዲከታተሉ መደረጉ ብቻ፥ አርባ ዘጠኝና ሃምሳ ሌሊትና ቀን እንዳልሆኑ መንግሥትም ማወቁን ያሳያል። ለተማሪው ይህ ከታወቀለት ለትምህርት ቤቱ የማይታወቅለት ለምንድን ነው?

የሚሻለውስ ምንድን ነው ለሚለን፥ ከባድ ነገር አንጠይቅም። እያንዳንዱ የአዲስ አበባ ልጅ ከስምንተኛ ክፍል ሲወጣ በከተማ ደረጃ የሚሰጥ ፈተና ይፈተናል፤ ውጤቱም ዘጠነኛ ክፍል ሲመዘገብ በማኅደሩ ይገባል። ማኅደሩ በሬጅስትራሩ ቢሮ መደርደሪያ ላይ አለ። ስለዚህ የአንድ ትምህርት ቤት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ በአጠገቡ የእነዚያው ልጆች የስምንተኛ ክፍል ውጤት ቢጻፍ፥ ደግሞም በዘጠነኛ ክፍል ስንት ገብተው ስንት ለፈተና እንደ ደረሱ ቢጻፍ፥ ትምህርት ቤቱ የጨመረውንና የቀነሰውን መለየት ይጀመራል። የስምንተኛው ፈተና በየክልሉ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ አዲስ አበባን ከጎንደር ወይም ከሐዋሳ ጋር ማመዛዘን አይቻልም፤ በአንድ ከተማ ውስጥ ግን ይቻላል። አንድን ልጅ ዓመት በዓመት መከተልም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ 3,000 ያህል ልጆችን፥ አዲስ አበባም ጭምር፥ ከልጅነት እስከ ጐልማሳነት ሲከታተል ቈይቷል። የቀረው በደረጃ መቍጠር የለመደው ዓይናችን ነው።

የሁለተኛው ቍጥር፥ ማለት ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ የጠፉት ልጆች ቍጥር፥ ከፊተኛውም ይልቅ ያሳስበናል። አንድ ርእሰ መምህር ትምህርት ቤታቸው በመግለጫው ላይ እንዳይዋረድ ብለው ደካሞቹን ተማሪዎች ከዐሥራ አንደኛ ክፍል በፊት ወደ ሌላ ቦታ ቢሸኙ፥ በዛሬው አቈጣጠር ይመሰገናሉ። ይህን አደረጉ የምንለው ሰው የለም፤ ነገር ግን መለኪያው በሩን ከፍቶ ተቀምጧል።

በሰፈሩ ካነጋገርናቸው መካከል አንድ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አለ። ከአገሩ የመጣው በስድስተኛ ክፍል ነው፤ የሚኖረው በዘመዱ ሱቅ ቆጥ ላይ ነው። ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥቶ ሱቁን ይከፍታል፥ ዕቃ ያወጣል፥ በረንዳውን ይጠርጋል፥ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጣል። ከትምህርት መልስ እስኪመሽ ይሸጣል፤ መጽሐፉን የሚገልጠው መዝጊያው ከወረደ በኋላ ነው። በስምንተኛ ክፍል ያገኘውን ውጤት ጠየቅነው፤ ሳያፍር «እንደ ምንም ነው ያለፍኩት» አለን። አሁን በክፍሉ ከመካከለኞቹ በላይ እንደ ሆነ ካርዱን አውጥቶ አሳየን። የሒሳብ መምህሩን ሲያነሣ «እትዬ» ብሎ ነው የሚጠራቸው፤ በምሳ ሰዓት ቀርተው ያስረዱታል። ሃምሳ ያመጣ እንደ ሆነ ጠየቅነው። «እኔ እንጃ፥ አርባ ምናምን ሳይሆን አይቀርም፤ እንግሊዝኛው ነው የሚይዘኝ» ብሎ መለሰ።

እንዲህ ከሆነ እርሱም፥ ምሳቸውን ትተው የሚያስረዱት መምህርቱም በመግለጫው ውስጥ ቦታ የላቸውም። ለፈተናው ሳምንት ዘመዱ ከሱቅ ሥራ ፈቃድ ሰጥቶታል። በእርሱ ፈንታ ሱቁን የሚከፍተው ባለፈው ዓመት ከአገር የመጣው ታናሽ ወንድሙ ነው፤ እርሱም በዚያው ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ነው።